ሽቅብ የሚከፈት በር

ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ የአክስቴ ልጅ በሰው ፊት፣ "እኔ እሷን እንደ እህቴ ነው ያኖርኳት፤ ጅቡቲ እያለን የራሷ ሰፊ ክፍል ነበራት" አለች። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ምስጋና ሳይጠብቁ አልቀሩም። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ዝም አልኩ። ለቅሶ ቤት ዝም ያለ ሰው ያዘነ ይመስላል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ዝምታው አልዋጥልኝ አለ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምጠብቀው ስም የለም። እንግዲያው ስለ ክፍሌ እኔው ልናገር። ክፍሌ የመኪና ጋራዥ ነበር።

ወደ ጅቡቲ የሄድኩት ትዳሬ ፈርሶ እናቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። እናቴ መተሐራ፣ ከባድ መኪኖች ቀን ከሌት በሚያልፉበት መንገድ ዳር ትኖር ነበር። የአክስቴ ልጅ ጅቡቲያዊ አግብታ ኑሮዋ ያማረላት ሰው ነበረች፤ ባሏ ወደብ ላይ የኢትዮጵያን ጭነት የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው። "ልጆቼን ለባዕድ አልሰጥም፤ የምፈልገው የራሴን ሰው ነው" ብላ ላከች። አጎቶቼ ሳቁ።

"ግርድና ነው" አለ ትልቁ አጎቴ። "ስሙን አሳምራችሁት ነው እንጂ።"

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ጎረቤት እየሰማ፣ "የእህቴ ልጅ ቤት ነው የምትሄደው። የእኔ ልጅ ሰው ቤት አትገባም" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት ተኳረፉ። ድንበር ስሻገር ከሻንጣዬ ይልቅ የከበደኝ ያ ቃሏ ነበር። እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ከተገኘሁ አጎቴ ልክ ነው፤ እናቴም መንደር ውስጥ አንገቷን አታቀናም።

ቤቱ ሀራሙስ ነው፤ ባሕሩ አጠገብ፣ ኤምባሲዎችና ነጫጭ ቪላዎች ባሉበት ሰፈር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከልጆቹ ጋር ተኛሁ። ከዚያ የባልየው እናት ለጥየቃ መጡና ክፍል ጠበበ። "ለጊዜው ጋራዡ ውስጥ ተኚ። ሰፊ ነው፤ አየርም አለው" አለችኝ የአክስቴ ልጅ። ሴትዮዋ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ያረፉበት ክፍል የልብስ መተኮሻ ሆነ። "ለጊዜው" የሚለውን ቃል ማንም ዳግመኛ አላነሳውም። እኔም አላነሳሁትም። ጠይቄ እምቢ ብባል ማን እንደሆንኩ ቁርጡ ይታወቅ ነበር፤ ካልጠየቅሁ ግን እህት ነኝ እያሉ መኖር ይቻላል። በእንግዳ ፊት "ቦየስ" ትለኛለች፤ በዚያ አገር የቤት ሠራተኛን እንዲያ ነው የሚሏት። እንግዳው ሲወጣ "እህቴዋ" ትለኛለች። ለሁለቱም አቤት አልኩ።

መኪናው ከፊት ይቆማል። ከኋላው፣ በገመድ ላይ በዘረጋሁት አንሶላ ተከልሎ የእኔ ፍራሽ አለ። በሩ እንደ ሌላ በር በጎን አይከፈትም። ሰፋፊ የብረት ሳንቃዎች በማጠፊያ ተያይዘው፣ ግራና ቀኝ ባሉ ትንንሽ ጎማዎች በሐዲድ ውስጥ እየተሽከረከሩ ሽቅብ ይወጡና ጣሪያው ስር ይጋደማሉ። እነዚያን ጎማዎች የባሕሩ ጨው በልቷቸው ነበር። በሩ ሲነሳ የሚያሰማው ጩኸት ግንቡ ላይ ያሉትን ቁራዎች ያስበረግጋል።

ወደ ቤቱ የሚያስገባውን የውስጥ በር የአክስቴ ልጅ ከምሳ በኋላ ትቆልፈዋለች። ከሰዓት በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ሰው ወይ ይቅማል ወይ ይተኛል፤ ፀሐዩ ሌላ ነገር አያሠራም። በዚያ ሰዓት ጋራዡን ብከፍት ቤቱ በሙሉ ይነቃል። በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ዱስማን፣ ዱስማን፤ ቀስ ማለት አታውቂም?" ትለኛለች። ስለዚህ እዚያው ተቀምጬ ላቤን እጠርጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ብሄድ፣ ካርቲየ 4 ወደሚባለው ሰፈር፣ ወዳገሬ ሰዎች ብወጣ፣ መቼ ወጥቼ መቼ እንደገባሁ በሩ ይነግርላታል። ባሏ ላሠራው ሲል፣ "ተወው፣ ምን ሆነ፣ ገና ያገለግላል" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቆጣቢ ሆና አይደለም። ያ ጩኸት ከዘበኛው በላይ ያገለግላት ስለነበር ነው።

ሙቀቱ ሲብስ፣ ያ ከበረሃው የሚመጣ ትኩስ ነፋስ ሲነሳ፣ በሩን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አደርግና በአንዱ ጥግ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ እደግፍበታለሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ክፍተቱ አዙሬ እተኛለሁ።

ጫት የሚገባበትን ሰዓት ጅቡቲ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ከተማ ሲደርስ የሚያደርሱት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ይበራሉ፤ ጉዳይ ያለው ጉዳዩን ይተዋል። ባልየው ጫቱን ለሌላ ሰው አስመርጦ አያውቅም። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ መኪናውን አስነስቶ በሩን ሲገፋው ግማሽ ላይ አንዱ ጎማ ተሰነጠቀና ከሐዲዱ ወጣ። በሩ አንድ ጎኑ ከፍ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ተሰነቀረ። መኪናው ከውስጥ፣ ጫቱ ከውጭ ቀሩ። በሩን በእርግጫ መታው።

"ማነው ያበላሸ?" አለ። አማርኛውን ከሹፌሮች ስለተማረ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የሚል።

የአክስቴ ልጅ ጣሳዬን ከጥጉ አንስታ አሳየችው። "ይኸው። በአንድ ጎን እየደገፈችው ነው የጠመመው።"

"አንተ በር ሰበርክ" አለኝ።

ጣሳው ያጣመመው ይሁን ጨው የበላው አላውቅም። ስለ ሙቀቱ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። በጎረቤት መኪና ሄዶ የተራረፈውን ይዞ መጣ፤ ያን ዕለት ቤቱ ውስጥ የሳቀ የለም። በማግስቱ በሩ ይሠራ ተባለ። ስንት ጊዜ የተተወ በር በአንድ እስር ጫት ተሠራ።

ባልየው ለሥራ ሰው አይቀጥርም። ጭነት የሚጠብቁ ሹፌሮቻችን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ማቆሚያ ለቀናት ይቀመጣሉ። ወረቀታቸውን ቶሎ እንዲያስጨርስላቸው ቤቱን ቀለም ይቀቡለታል፤ ቧንቧውን ይጠግኑለታል። ማንም አያስገድዳቸውም፤ እምቢ የሚልም የለም። "የጋራዥ በር የሚያውቅ አለ?" ብሎ ሲጠይቅ አንዱ እጁን አወጣ። በማግስቱ ጠዋት የግቢውን በር ስከፍት ያን ሰው አየሁት። የእናቴ ጎረቤት ልጅ ነበር።

መተሐራ እኩያዬ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። መኪና ከመያዙ በፊት ብየዳ ቤት ይሠራ ነበር። ጅቡቲ በመጣ ቁጥር እናቴ የምትልከውን በሶና በርበሬ ካርቲየ 4፣ አንዲት ያገራችን ሴት ምግብ ቤት ውስጥ ያስረክበኛል፤ እኔም የምልክላትን እዚያው እሰጠዋለሁ። "አንድ ቀን ቤትሽን ልየው እንጂ፤ እማማ ምን ይመስላል እያሉ ይጠይቁኛል" ባለኝ ቁጥር፣ "ዘበኛው ክፉ ነው፤ ሰው አያስገባም" እለው ነበር። ዘበኛችን ጥላ እየተከተሉ የሚቀመጡ ደግ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ማንንም ከልክለው አያውቁም።

"አንቺ ነሽ?" አለ፣ የመሣሪያ ከረጢቱን እንደያዘ።

"አታውቀኝም" አልኩት ድምፄን ቀንሼ። "ምንም አትናገር።"

የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ መጣች። "ሹፌሩ ነው? በዚህ በኩል ግባ።" አገሯን የለቀቀችው እሱ ልጅ ሳለ ነው፤ አላወቀችውም።

"እንዴት አደሩ እመቤት" አላት። እኔን አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ጋራዡ ገባን። በሩን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ፤ ሐዲዱን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ አንሶላዬን ገለጥ አደረገው።

"ይቺ የዘበኛው ፍራሽ ትነሳ" አለ። "ግራሶ ይነካታል።"

ጎንበስ ብዬ ፍራሹን መጠቅለል ጀመርኩ። ትራሱ ተንከባሎ ወጣ። የትራሱን ልብስ እናቴ ናት በቀይ ክር የጠለፈችው፤ ባለፈው ጉዞው ጠቅልሎ ያመጣልኝ ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ትራሱን አየ። እኔን አየ።

"የእሷ ነው" አለች የአክስቴ ልጅ፣ ቀለል አድርጋ። "አየር ስለምትወድ፣ እምቢ ብላን ነው እዚህ የምትተኛው።"

ካቻቢቴውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "አየርማ አለ" አለ፣ በሩ ስር ያለውን ክፍተት እያየ።

ሥራው ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም። የማጠፊያውን ብሎን ይፈታል፤ አሮጌውን ጎማ ከነዘንጉ ስቦ ያወጣል፤ አዲሱን ከትቶ መልሶ ያስራል። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። የታችኞቹ ላይ ሲደርስ ግን፣ ላይ ያለው ሞላ ገመዱን ስለሚወጥረው፣ በሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ካልታሰረ እነሱን መፍታት እጅ ያስቆርጣል አለ። በሩ ወደ ላይ ወጥቶ ታሰረ፤ መኪናውም ወደ ውጭ ወጣ። መንገዱ በሙሉ ክፍሌን አየ።

ያጠብኳቸው የውስጥ ልብሶቼ ገመዱ ላይ ነበሩ። ሰብስቤ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኳቸው። ከፊት ለፊት ያለው ኤምባሲ ዘበኞች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያያሉ። በዚያው ሰዓት የአክስቴ ልጅ ወዳጆች፣ ሁለት ሴቶች፣ ስስ ድሪያቸውን እየጎተቱ መጡና በዋናው በር መግባት ሲገባቸው ክፍት ያዩት በር ላይ ቆሙ። አንዷ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። "ላ ቦየስ" አለቻት የአክስቴ ልጅ። ሴትየዋ መተላለፊያ ስታጣ ጣሳዬን በጫማዋ ጫፍ ወደ ጎን ገፋችው። ጣሳው እየተንከባለለ ሄዶ ከሹፌሩ እግር ስር ቆመ። አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠው። ባይነካው ይሻለኝ ነበር።

ሲጨርስ ሐዲዱን ግራሶ ቀባና በሩን አውርዶ ዘጋው። "አሁን በአንድ ጣት ይነሳል" አለ። "ይሞክሩት እመቤት።"

የአክስቴ ልጅ ቀለበት ባለበት ጣቷ ነካ አደረገችው። በሩ ተንሳፎ ወጣ። ሳቀች፤ መልሳ አወረደችው፤ ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ድምፅ የለውም?"

"የለውም።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ከፈለጉ አሮጌዎቹን ልመልስልዎት" አለ፣ ፊቱን ሳይለውጥ።

ልሸኘው እስከ ግቢው በር ሄድኩ። ያን ሁሉ ሰዓት በዚያ ሙቀት ሲሠራ ውሃ የሰጠው አልነበረም። የእሷን ተዉት፤ እኔም አልሰጠሁትም። ቶሎ ሥራውን ጨርሶ ከዓይኔ እንዲጠፋልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

"እናቴ እንዳትሰማ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ያየኸውን።"

"እኔ በር ነው የሠራሁት" አለ። ዓይኑ ላይ ያለውን ነገር አወቅሁት፤ አዝኖልኛል። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲያመጣ ለምግብ ቤቷ ሴትዮ ትቶልኝ እንዲሄድ እያስነገርኩ ከፊቱ ሸሸሁ። አንድም ክፉ አልሠራብኝም። ከአክስቴ ልጅ አብልጬ የጠላሁት ጊዜ ግን ነበር። እሷ ያኖረችኝን ነው የምታውቀው፤ እሱ ግን የነበርኩትንም የሆንኩትንም አይቷል።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው እናቴ ጎረቤት ቤት ስልክ ጋ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ደወልኩላት። ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰችውም።

"አንቺ፣ የክፍልሽ በር ሽቅብ ነው የሚከፈት አሉ?"

"ማን አለሽ?"

"ያ የጎረቤታችን ልጅ ነዋ። እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁላት አለ። መኪና ከነጭነቱ የሚያስገባ በር ነው፣ በአንድ ጣት ይነሳል፣ ኮሽ አይልም አለ። ባሕር ዳር ነው አለ። አጎትሽን አስጠርቼ እሱ ፊት ደግሞ አስወራሁት።"

"አጎቴ ምን አለ?"

"ምን አባቱ ይላል። ዝም አለ።" ሳቀች። እናቴ እንዲያ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። "እውነት ሽቅብ ነው?"

"አዎ እማዬ፣ ሽቅብ ነው" አልኳት።

አንድ ቃል አልዋሸም ነበር። ያየውን በሙሉ ተናግሮ ያየውን ደበቀልኝ። ላመሰግነው ይገባኝ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር እናቴ ስለዚያ በር ትጠይቀኛለች፤ እኔም በራሴ አፍ እየጨመርኩ አሳምርላታለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ያው ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ፍራሽ ላይ ነኝ።

በኋላ የአክስቴ ልጅ ዘመድ ልትጠይቅ መተሐራ ሄደች፤ ልጆቿን እንድይዝላት እኔም አብሬ ሄድኩ። እናቴ በግ አረደች። የኮረፈው አጎቴ እንኳ ታርቆ መጥቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ገና ቁጭ ስትል እናቴ ዝቅ ብላ ጉልበቷን ሳመች። ያቺ ለማንም አንገቷን የማትደፋ ሴት።

"ልጄን እንዲያ ባለ ቤት ያኖርሽልኝ፣ አንቺንም ያኑርሽ" አለቻት።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ወደ እኔ አየች። እንደማልናገር ታውቃለች፤ አንድ ቃል ብተነፍስ አጎቴ ፊት የሚሰበረው የእናቴ አንገት ነው። ከዚያ እናቴን በትከሻዋ ደግፋ አነሳቻት።

"ኧረ አክስቴ፣ ምን አደረግሁ። እህቴ አይደለች እንዴ። በሩንም ቢሆን ለእሷ ምቾት ብለን ነው ያሠራነው።"

አጎቴ ተነስቶ እጇን ጨበጣት። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ውሃ አፈሰስኩላትና እጇን አስታጠብኳት። በእናቴ ቤት፣ በእናቴ ማስታጠቢያ። እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኳት ጋራዡን አይደለም። ያን ጉልበቷን ነው፤ ሲሳም ሳትሰበስበው የቀረችውን።

እንግዶቹ ሆቴላቸው ሄዱ። እኔ እናቴ ጋ አደርኩ። ወደ ውስጥ ስንገባ እናቴ ቀድማኝ በሩን ያዘችልኝ፤ ዝቅ ያለች የቆርቆሮ በር ናት፣ ስትከፈት ታለቅሳለች።

"ጎንበስ በይ፤ በሬ እንኳ ዝቅ ያለ ነው" አለችኝ። ቀጥላም አቀርቅራ፣ "ይጮሃል፤ ምን ላድርገው። ያንቺው አይጮህም አሉ።"

እናቴ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ በሯ፣ እኔ ፊት አፈረች። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሳፍሮኛል፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን የለም።

ጠዋት ዘይት በጨርቅ ነክሬ የበሩን ማጠፊያ መቀባት ጀመርኩ። እናቴ አይታኝ ሮጣ መጣች።

"ተይ፣ ተይ፣ እጅሽ ይቆሽሻል። ሰው እንጠራለታለን።"

ጨርቁን ነጥቃኝ እጄን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግልኝ ጀመር። ስትጠርግ ስትጠርግ አውራ ጣቷ መዳፌ ላይ ቆመ። በረኪናው የላጠውን፣ የመጥረጊያው እንጨት ያጠጠረውን ቦታ ዳሰሰችው። አንዴ ሄደችበት፤ ተመለሰችበት። ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም ቀና አላልኩም። ከዚያ መዳፌን ገልብጣ፣ ጣቶቼን አጠፈችልኝ።

በሩን ከፍታ ዘጋችው። "አሁን አይጮህም" አለች።

አጎቴ ለቁርስ ሲመጣ በሩ ኮሽ ሳይል ተከፈተለትና ቆሞ አየው።

"ማን ሠራው?"

"ማን ይሠራዋል፤ ልጄ ናት" አለች እናቴ። ወደ እኔ አላየችም። "ሽቅብ የሚከፈት በር የለመደች፣ የሚጮህ በር መች ያስተኛታል።"

እኔ እጄን እንደጨበጥኩ ወደ ጓዳ ገባሁ።